ከውስጥ የማይከፈተው የወይዘሪት በር

ደብረ ብርሃንን የለቀቅሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ውርጩ የመኪናዬን መስታወት ጋርዶት በጋቢዬ ጫፍ ስፈገፍግ፣ ባለቤቴ አስካለ ከውስጥ ተቀምጣ ቀስ በቀስ ታየችኝ። መኪናዬን "ወይዘሪት" ነው የምላት። የጀርመን ሥሪት ናት። በደጉ ዘመኗ ሚኒስትር ይንፈላሰስባት ነበር አሉ፤ እኔ እጅ ስትገባ ግን ዶሮ ያድርባት ነበር። እኔው አክሜ አስነሳኋትና የከተማውን ሙሽራ ሁሉ ስትሸከም ኖረች።

አንድ አመል አላት፤ በአስካለ በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም። በደረስንበት ሁሉ እኔ ወርጄ፣ ዞሬ እከፍትላታለሁ። ሰዉ "ወይ ጨዋ ባል!" ይላል። መካኒክ ሆኜ ሃያ ዓመት ያላበጀሁት ይኼ ስም ጥሞኝ ነው፤ ስንፍናዬም ታክሎበት።

የምሄደው ሆላንድ፣ ሮተርዳም ነው። ልጃችን ሰብለ ወልዳ ለአራስ ቤት የጠራችው እናቷን ነበር። ቪዛ የተሰጠው ግን ለእኔ! የኤምባሲው ጠያቂ በአስተርጓሚ፣ "ሁለታችሁም ከሄዳችሁ ማን ይመልሳችኋል?" አለ።

"አራስ የምትጠብቀው እኮ እሷ ናት። እኔ አጥቤ የማውቀው ሞተር ነው።"

"አባባ፣ ባለቤትዎ እዚህ ካሉ እርስዎ ይመለሳሉ።"

አመነኝ። እኔም ራሴን አምኜው ነበር።

ቦሌ ስንደርስ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ በጥድፊያ ወረድኩ። ጥቂት እንደሄድኩ መስታወት ሲንኳኳ ሰማሁ። አስካለን ትቻት! ሮጬ ከፈትኩላት።

"ገና ሳትሄድ ረሳኸኝ?" አለችና ሳቀች። ከኋላ ተኝቶ የመጣው ወንድሟ ወይዘሪትን ነድቶ መለሳት።

ስድስት ወር ነበር ያልኩት። አገር ቤት መንገዱ ሲከፋ ሰብለ የመኖሪያ ወረቀት አስገባችልኝ፤ ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። የልጅ ልጄ "ኦፓ" ይለኛል፤ አያት ማለት ነው፣ ስድብ መስሎኝ ነበር። አገሩ ከባሕር በታች ነው። ጣርማ በር ላይ ቆሜ ደመናን ቁልቁል ሳይ የነበርኩ ሰውዬ፣ እዚህ ዓሣ ከበላዬ ይዋኛል። ብርዱስ ብትሉ? የኛው ፊት ለፊት ይመታችኋል፣ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ይቅርታ ይጠይቃል። የዚህኛው ርጥብ ነው፤ ባና ብትደርቡበትም አጥንት ውስጥ ገብቶ ይከራያል።

ስለ መከራየት ካነሳሁ፣ አከራዬ ሄንክ ይባላል። የወይዘሪት ታናሽ እህት የምትመስል አሮጌ የጀርመን መኪና አለችው፤ ስትሄድ ታዛጋለች። ልያት ብዬ ሰብለን አስተርጓሚ አደረግሁ።

"ዲፕሎማ አለህ?" አለኝ።

"ጆሮ አለኝ።"

"ጆሮ ኢንሹራንስ የለውም።"

ሳምንት ለምኜው ኮፈኑን ከፈተልኝ። እሳት የምታድለውን ዲስትሪቢተር አላልቼ፣ ጆሮዬን ደፍቼ፣ በቀስታ አዞርኩ። በመጨረሻ ልክ የወይዘሪት ድምፅ መጣ! እንባዬን ሲያይ "ቤንዚኑ ነው" አልኩት።

ሄንክ መኪናዋን እየነዳ ድልድዩ ላይ ወጣ፤ በአገሩ ያለው ዳገት እሱ ብቻ ነው። ፊቱ ቀልቶ ተመለሰ።

"ሞተሬ ውስጥ ማን ነው የሚያንኳኳው?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ደጋችን አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ትንፋሽ ስለሚያጥረው እሳቱን ቀደም አድርገን እንሰጠዋለን። አየሩ ወፍራም በሆነበት ቆላ እንደዚያ ከተደረገ ሞተሩ ያንኳኳል። ለካ የሰውየውን መኪና ለደብረ ብርሃን ነው ያስተካከልኩለት! እኔ ወረድኩ እንጂ እጄ ገና አልወረደም። የጥፍር ያህል ወደ ኋላ ብመልሰው ማንኳኳቱ ጠፋ። የወይዘሪት ድምፅም አብሮ ጠፋ።

ባለፈው እሁድ አስካለ ደወለች። ሁሌም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባትሪው እንዳይሞት ወይዘሪትን ታስነሳና ውስጧ ተቀምጣ ታወራኛለች።

"ገዢ መጥቷል" አለችኝ። "ከሸዋ ሮቢት ነው፣ ለሙሽራ የሚያከራያት። ሞክሯት ነበር፤ ጣርማ በርን አልፋ ቆላ ስትወርድ ታንኳኳለች ይላል። ምን ይሻላታል?"

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ። ከነገርኳት ግን ወይዘሪት ሄደች ማለት ነው። አልመለስም ብዬ በገዛ አፌ መናገሬ ነው።

"ቆላ አይስማማትም በይው።"

"አንተስ ተስማማህ?"

የሄንክን መኪና በመስኮት አየኋት።

"አንተ ሰው፣ ልሽጣት ወይስ ትመጣለህ? አንዱን በለኝ።"

"በሩስ? ሙሽሪትን ቆልፎባት ሊቀር ነው?"

"ሰውየው ሠራው። ሻይ እስካቀርብለት እንኳ አልፈጀበትም።"

ሃያ ዓመት!

"እስቲ ድምጿን ልስማ" አልኩ።

"ስማት እሺ።"

በሩ ሲከፈት ሰማሁ፤ ከውስጥ። ከዚያ እርምጃዋ ራቀ። ስልኩን ወንበሯ ላይ ትታልኝ ሄዳለች። ሞተሩ ሰው በሌለበት ማጉረምረሙን ቀጠለ።

የጥፍር ያህል ወደ ኋላ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። ቃሉ እስካሁን አፌ ውስጥ አለ።