ስትሸነፍ ታጠፋዋለች

ከሁሉ ያናደደኝ «ስትሸነፍ ታጠፋዋለች» መባሌ ነው። የኮምፒውተሬን መበላሸት እችለው ነበር። ዕቃ ነው፣ ይበላሻል። ውሸታም መባልን ግን አልችልም።

ጌም የምንጫወተው አራት ሆነን ነበር፤ ሦስት ወንዶችና እኔ። እነሱ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም እማዬ ቤት፣ ሁላችንም ከየቤታችን በኢንተርኔት እየተገናኘን። ኮምፒውተሬን የገጠመልኝ የቡድናችን አለቃ ነው። ዕቃዎቹን እየመረጥኩ የገዛሁት እኔ፣ ብሎን ያጠበቀው እሱ። ሲጨርስ ክዳኑን በስኮች አሽጎ «እንዳትነካኪው፣ አዲስ ነው» አለኝ። ይህ ሰው የመኪናውን ወንበር ፕላስቲክ እስከ ዛሬ አልላጠም። በጋ ከክረምት ልብሳችን እየተጣበቀ ነው አብረነው የምንሄደው።

ቀላል ጌም ስጫወት ምንም ችግር የለም። ከባዱን፣ ቡድናችን የሚወዳደርበትን ስከፍት ግን ጨዋታው ሞቅ ሲል ኮምፒውተሩ ድርግም ይላል። እኔ ከመሀል እጠፋለሁ፣ ሦስቱ በእኔ ምክንያት ይሸነፋሉ።

አለቃችን «መብራት ነው» አለ። በዚህ ከተማ ምንም ነገር ይበላሽ፣ ጥፋተኛው መብራት ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሳሎኑ አምፖል እንደበራ ነው፣ እማዬም ቴሌቪዥኗን እያየች ነው። «መብራቱማ አለ ልጄ» ትለኛለች። ቢሆንም ስታቢላይዘር ገዛሁ። ያው ነው። ዊንዶውስ እንደ አዲስ አስጫንኩ። ያው ነው። ተሸክሜ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ሰውየው አብርቶ ትንሽ አየውና «ይሠራል እኮ» ብሎ መለሰልኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። አለቃችን በቡድናችን ቴሌግራም ላይ «ስትሸነፍ ታጠፋዋለች» ብሎ የጻፈው ይሄኔ ነው። ለቅዳሜው ውድድር በእኔ ቦታ ሌላ ሰው እንፈልግ ብሎም ጨመረበት።

ደሜ ፈላ። ስኮቹን ቦጫጭቄ ክዳኑን ከፈትኩ። ሙቀት የሚያሳየውን ፕሮግራም ከፍቼ ከባዱን ጌም አስነሳሁ። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ወደ መቶ ዲግሪ ይንደረደራል፣ ፋኑም ይጮኻል። ከፋኑ ስር ሙቀቱን መሳብ ያለበት ብረት አለ። በጣቴ ነካ አደረግኩት፤ ለብ እንኳን አላለም። ሙቀቱ ወደ ብረቱ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩም እንዳይቃጠል ራሱን ያጠፋል። አጥፍቼ ብሎኖቹን ፈታሁና ብረቱን አነሳሁት። ፕሮሰሰሩን የሚነካው ሆዱ ላይ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፏል። በእንግሊዝኛ «ከመግጠምዎ በፊት ይላጡ» የሚል በቀይ ተጽፎበታል።

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ደወልኩለት።

«ፕላስቲኩን ሳትልጥ ነው እንዴ የገጠምከው?»

«አዲስ ዕቃ ተልጦ ይገጠማል እንዴ?» አለኝ ረጋ ብሎ። «እንዲቆይልሽ ብዬ ነው።»

«በሰው ፊት ያልከኝስ?»

«ተገኘ አይደል? አታካብጂ በናትሽ።»

«ለልጆቹ አንተው ራስህ ንገራቸው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ፕላስቲኩን ልጬ፣ አዲስ የማቀዝቀዣ ቅባት ገዝቼ ቀባሁና መልሼ ገጠምኩት። ከሰዓቱን ሙሉ ከባዱን ጌም ተጫወትኩበት፤ አንዴም አልጠፋ። መሥራቱን ጻፍኩለት፣ ስሜን እንዲያጸዳልኝም ጠበቅኩ።

ቴሌግራማችን ላይ ጻፈ። «የእህታችንን ኮምፒውተር ችግር አግኝቼዋለሁ። ቅዳሜ ከእኛ ጋር ናት።»

ልጆቹ የጭብጨባ ምልክት አዘነቡለት። አንዱ «ጀለሴ፣ አንተ እኮ ባለሙያ ነህ» አለው። ሌላው ወደ እኔ ዞረና «ምን ዝም አልሽ? አመስግኚው እንጂ» አለኝ።

እውነቱን መጻፍ ጀመርኩ። ብዙ ጻፍኩ። ፕላስቲኩንም ፎቶ አንስቼዋለሁ። ግን ቡድኑ የእሱ ነው፣ ውድድሩ ነገ ነው፣ እኔም መጫወት እፈልጋለሁ። የጻፍኩትን ሁሉ ሰረዝኩና «አመሰግናለሁ ወንድሜ» ብዬ ላክሁ።