ከመስተዋቱ ማዶ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ የጣሊያኑ የመንገድ ሥራ ሹም ባሠራው ቤት መስኮት ላይ አንዲት ሴት ውላ ታመሻለች። ከየት እንዳመጣት የሚያውቅ የለም። አንገቷ ተነቅሷል፤ የፈረንጅ ቀሚሱ ትከሻዋ ላይ ሰፍቷታል። መስተዋቱን በትንፋሿ ታደበዝዝና መልሳ በክርኗ ትወለውለዋለች።

የአናጢው ሚስት ሐምዲያ ይህን ሁሉ ያጠናችው በቅናት ነው። ባሏ አብዱረሂም መስኮቱን ከሠራ ወዲህ በዚያ በኩል ሳያልፍ አይውልም።

«ለእሷ መስተዋት፣ ለእኔ ጭስ! ለቤትህ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አላወጣህም» ትለዋለች።

አንድ ቀን ተከተለችው። ሴቲቱ እንዳየችው አፏን ወደ መስኮቱ ጠርዝ አስጠጋች።

«ጋሼ፣ መስኮቱ አይከፈትም፤ ማጠፊያውን ረሱት እኮ! ሙቀቱ ጨረሰኝ።»

አብዱረሂም አቀርቅሮ አለፈ። ሐምዲያ ደረሰችበት።

«እውነት ረሳኸው?»

«ምን እረሳለሁ! ‹እንዳይከፈት፣ በሚስማር ምታው› አለኝ ጣሊያኑ። በሩንም ቆልፎባት ነው የሚወጣው።»

ሐምዲያ ዞራ አየቻት። ሴቲቱ መዳፏን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ቆማለች፤ በላብ ተጠምቃም ታምራለች።

«ሂድ፣ ሚስማሩን ንቀልላት» አለችው ባሏን። «ወጥታ ካገር ትጥፋልኝ!»