መጽሐፉ ውስጥ የቀረው ካርድ

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ የፈተና መግቢያ ካርዷን ከትምህርት ቤት ይዛ መጣችና ሶፋው ላይ ተጋድማ ታነበው በነበረው ልብ ወለድ መሃል ሸጎጥ አድርጋ መጽሐፉን ስትዘጋው፣ ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ ጥዬ «አውጪው! አሁኑኑ አውጪው!» ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ደንግጣ አወጣችው፤ እኔ ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የምንኖረው መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር ነበር። አባቴ ከጋሞ የመጣ ሸማኔ ነው፤ ከሁለቱ ክፍሎቻችን አንዱን የሽመና ዕቃው ስለያዘው ስድስታችንም የምንተኛው በሌላኛው ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ውሃ መቅዳትና ለአባቴ ክር ማጠንጠን፣ ረቡዕና ዓርብ የቸርች መዝሙር ልምምድ፣ ቅዳሜ ልብስ ማጠብ፤ ለማንበብ ጊዜ ካገኘሁ ከሌላ ሥራ ሰርቄ ነው። ስለዚህ እሰርቅ ነበር። የቧንቧ ወረፋ ስጠብቅ ጀሪካኑ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ፤ ክር ሳጠነጥን መጽሐፉን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ገጹን በክርኔ እገልጣለሁ፤ የሂሳብ ደብተሬ ውስጥ ሁልጊዜ ከሂሳብ ሌላ ነገር አይጠፋም። አባቴ ልብ ወለድን «የውሸት መጽሐፍ» ነበር የሚለው። የሽመናው መወርወሪያ በድሩ መሃል ወዲያ ወዲህ ሲል ድምፁ ልብ ያረጋጋል፤ ቀጥ ካለ ግን አባቴ ቀና ብሎ እያየኝ ነው ማለት ነውና፣ መጽሐፉ ቀሚሴ ሥር የሚገባበት ፍጥነት ለራሴም ይገርመኝ ነበር።

«ሚኒስትሪ ከወደቅሽ ትምህርቱ ይበቃሻል» አለኝ አንድ ቀን ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «ከእናትሽ ጎን ቁጭ ብለሽ ትፈትያለሽ።»

አልተቆጣም። አባቴ በቁጣ የተናገረውን ይረሳል፤ ቀስ ብሎ የተናገረውን ግን አይረሳም። የፈራሁትም ለዚህ ነው።

ሌላው የምፈራው ሰው የሂሳብ አስተማሪያችን ቲቸር መኩሪያ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ገና ኮቴው ሲሰማ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኝ። አንድ ቀን ከዴስክ ሥር ሳነብ ያዘኝ። መጽሐፉን ወስዶ አገላብጦ አየው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ትምህርቱን ጨረሰና ሲወጣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ መለሰልኝ። ቢገርፈኝ በተሻለኝ። ለአባቴ ሊነግረው ነው እያልኩ በር በተንኳኳ ቁጥር ስደነግጥ ከረምኩ።

መጻሕፍቱን የማገኘው ከእትዬ ብርቄ ነበር። አስፋልቱ ዳር ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸውን መጻሕፍት ከጨርቁ ጎን ደርድረው ለሚያምኑት ሰው ያውሳሉ፤ ዓይናቸው ስለደከመ መልሰን ስንመጣ ታሪኩን እንድንተርክላቸው ብቻ ነበር የሚፈልጉት።

ለፈተናው አንድ ቀን ሲቀር ገና ግማሹ ላይ የነበርኩትን ልብ ወለድ ወስጄ መለስኩላቸው። «እስክፈተን እርስዎ ጋ ይቀመጥልኝ፤ ቤት ካለ አላጠናም» አልኳቸውና በራሴ ኮርቼ ተመለስኩ። በማግስቱ አንድ ሰዓት ገደማ ዩኒፎርሜን ለብሼ ቦርሳዬን ስከፍት የፈተና መግቢያ ካርዴ የለም። ደብተሮቼን አራገፍኩ፣ ፍራሹን ገለበጥኩ፤ ከዚያ ትዝ አለኝ። የደረስኩበት ገጽ እንዳይጠፋኝ መጽሐፉ መሃል ያስገባሁት ካርዱን ነበር።

መወርወሪያው ቆመ። «ምን ሆንሽ?» አለ አባቴ።

«እስክሪብቶ ረስቼ ነው» ብዬ ዋሸሁና ሮጥኩ።

እትዬ ብርቄ ሱቃቸውን ገና እየከፈቱ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ወይኔ ልጄን! ትናንት አመሻሽ ላይ ሰው ወሰደው እኮ!»

«ማን?»

«መምህሩ ነዋ፣ ያ ቀጭኑ። መኩሪያ። ጎፋ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ቤቱ።»

የታክሲ ሂሳብ እጄ ላይ አስጨብጠው ገፍተው ላኩኝ። የመፈተኛው ትምህርት ቤት በር ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ታክሲው ደግሞ ካልሞላሁ አልሄድም ብሎ ቆሟል። ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ፤ ግን ቲቸር መኩሪያ ቤቱ እንዲኖር ልለምን ወይስ እንዳይኖር ግራ ገባኝ፤ ሁለቱንም እኩል ፈርቻቸው ነበር።

ጎፋ ደርሼ ሳንኳኳ በሩን ራሱ ከፈተው። ሸሚዙ በግማሽ ተቆልፏል፣ እግሩ በነጠላ ጫማ ነው፣ መጽሐፉን ጣቱን ገጹ ላይ እንዳደረገ ይዞታል።

«አስቴር? ዛሬ ፈተና አይደለም እንዴ?»

መናገር አቅቶኝ መጽሐፉን እያመለከትኩ አለቀስኩ። «ካርዴ… ውስጡ…» ስለው መጽሐፉን ዘቅዝቆ አራገፈው፤ ካርዱ እግሩ ሥር ወደቀ።

«እኔ ገና ሠላሳ ገጽ ብቻ ነው ያነበብኩት» አለ እንደ ጥፋተኛ። ከዚያ ሰዓቱን አየና ኮቱን አንጠልጥሎ፣ ነጠላ ጫማውን እንኳ ሳይቀይር እየጎተተ አወጣኝ።

ታክሲ ውስጥ ቁጣውን ስጠብቅ ጠጋ ብሎ «እስከ የት ደርሰሽ ነበር?» አለኝ።

«ልጅቷ ከቤት ጠፍታ…»

«ተይ ተይ! እንዳትነግሪኝ!» ብሎ እጁን አወናጨፈ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ኮሌጅ ሳለሁ ልብ ወለድ ይዤ ቁጭ ብዬ ፈተና አምልጦኛል። ዓመቱን ደገምኩ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ስይዝሽ በምን አፌ ልቆጣሽ?» አለኝ።

ጥበቃው በሩን ሊገፋው ሲል ደረስን። «ሲያልቅ ነይና ስለ መጽሐፉ እናወራለን» ብሎ ከኋላዬ ጮኸ።

ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቴን ስነግረው አባቴ «ተመስገን» ብሎ መወርወሪያውን ካስቀመጠበት አነሳ፤ የዚያን ጠዋት ነገር ግን እስከሚሞት አልነገርኩትም። ቲቸር መኩሪያ ጋ አልሄድኩም። ሁለት ጊዜ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ያን ሁሉ ቸርነት ካየሁ በኋላም ሰውየውን መፍራቴ አልለቀቀኝም። ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ ስደፍር በሩን የከፈተችልኝ የማላውቃት ሴት ነበረች፤ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል፣ ወዴት እንደሆነ አላውቅም አለችኝ።

አሁን ሳነብ የሚቆጣኝ የለም፤ ከሥራ ስመለስ ግን ሦስት ገጽ ሳልሄድ እንቅልፍ ይወስደኛል፤ የዚያ ዘመን የስርቆት ንባብ ጣዕሙ የት እንደገባ እንጃ። ያን ልብ ወለድ ከዓመታት በኋላ አግኝቼ ጨርሼዋለሁ። መጨረሻው ላይ ያቺ ከቤት የጠፋችው ልጅ የሠራችው ልክ ነው አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ቆየሁ። ቲቸር መኩሪያ ምን እንደሚል ማወቅ እፈልግ ነበር።