እንግዴ ልጁና እንግዶቹ

ስሙኝ እስቲ! ያቺን ዜሮ የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ነው እንዳትሉ። በጤና ጣቢያችን በር፣ ገቢ ወጪው ሁሉ በሚያየው ትልቅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ «የሞቱ እናቶች» ከሚለው ፊት ለፊት አንዲት ዜሮ ነበረች። ድምቡሽ ያለች፣ እንቁላል የመሰለች። በየወሩ በእርጥብ ጨርቅ አጠፋትና በጠመኔ መልሼ እጽፋታለሁ። ዜሮ አጥፍቶ ዜሮ መጻፍ ሥራ ከተባለ፣ የኔ ሥራ እሱ ነበር።

አሥረኛ ክፍል ላይ ፈተናው ጣለኝ። የእጅ ጽሕፈቴ ግን ያምራል። ቄሱ ጋ ፊደል ስቆጥር የለመድኩት ነው። ይኼን የሰማ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ካርድ ክፍል አስገባኝ። ቦታው ከመሐል ሜዳ ከተማ ወደ ጓሳ ሲኬድ ዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ጊዜው ሁሉም ነገር የሚገመገምበት ጊዜ ነበር። ገበሬው በአንድ ለአምስት ይገመገማል፣ አስተማሪው ይገመገማል፣ ሽንት ቤቱ ሳይቀር ይገመገማል። ጤና ጣቢያ ደግሞ ተገምግሞ ቀለም ይሰጠዋል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። እኛ ቢጫ ነበርን። ኃላፊው አረንጓዴን እንዴት እንደሚመኛት! በሬ እንኳ ሣር እንደዚያ አይመኝም።

አንድ ቀን ካርድ የሚጠብቁ ሽማግሌ በዱላቸው ሰሌዳውን ነካ አደረጉና፣

«አንተ፣ ይቺ ክብ ምን ትላለች?» አሉኝ።

«የሞተች እናት የለችም ትላለች፣ አባባ።»

«ውሸታም ክብ! የኔ ምራት ታዲያ በግንቦት የት ሄደች?»

«እሳቸውማ ቤታቸው ነው የሞቱት።»

«አሃ! ሞትም አድራሻ ይጠየቃል በለኛ!»

ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ ግን ከነከነኝና አዋላጇን ጠየቅኳት፤ ሲስተር ነው የምንላት። እጇን እየታጠበች አስረዳችኝ።

«ቤቷ ከሞተች የቀበሌው ናት። መንገድ ላይ ከሞተች የማንም አይደለችም። የኛ የምትሆነው አልጋችን ላይ ከሞተች ነው። ሪፈር ከጻፍንላት ደግሞ በሕይወት ወጣች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል።»

ሪፈር ማለት ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ነው።

«እንዲህ ከሆነማ ለሰው ሁሉ ሪፈር ይጻፍለትና ሞት ይቅራ!» አልኳት።

በሳቅ ፈረሰች። ምላሴ ፈጣን ናት። ያኔ እወዳት ነበር፣ ምላሴን።

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። ሁለቱን ልጆቿን ቤቷ ነው የወለደችው። ሦስተኛውን ስታረግዝ፣ ጤና ጣቢያ ካልመጣሽ ብዬ ነዘነዝኳት። እሷ እምቢ። «ፊቴን የማያውቅ ሰው ፊት አልተኛም» ትላለች። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ እጇን ይዤ ሰሌዳው ፊት አቆምኳት። ፊደል አታውቅም።

«እይ እታለም፣ ይቺ ክብ እዚህ የወለደች አትሞትም ማለት ናት።»

«አንተ ነህ የጻፍካት?»

«እኔ ነኛ!»

ትንሽ አየቻትና፣ «በቃ እመጣለሁ» አለች። «የወንድሜ እጅ አይዋሽም።»

ቀኗ የደረሰው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። የዞን ገምጋሚዎች ይመጣሉ የተባለውም ያን ዕለት። ከጠዋት ጀምሮ የግቢው ድንጋይ ኖራ ተቀባ። ያኔ ወላድ መምጣት እንድትለምድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ገንፎ ይሠራላታል ተብሎ ነበር። የኛ ድስት ግን ከመጣ ጀምሮ እሳት አይቶ አያውቅም። ያን ቀን እሳት አየ። የገብስ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ ተኝቶበት። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ የእንግዶቹ መኪና አይወጣም ተባለና አምቡላንሱ እነሱን ሊያመጣ መሐል ሜዳ ወረደ።

እታለምን ባሏና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ይዘዋት መጡ። ረፋድ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። እልልታው ግቢውን ሞላው። ኃላፊው ሮጦ ገባ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ወደኔ ዞሮ ደግሞ፣ «እንግዶቹ ሲገቡ ወላድ አልጋ ላይ፣ ገንፎ እጇ ላይ! ከዚህ በላይ ምን አረንጓዴ አለ?»

ማርያም ገና አልማረቻትም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ሲስተር ጓንቷ እስከ አንጓዋ ደም ሆኖ ብቅ አለች።

«ሩጥ! እንግዴው እምቢ አለ፣ አልመጣም በለው!»

ሮጥኩ። ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ያቃናል።

«አለቃ! እንግዴው አልመጣም!»

«ማነው ያለህ? ደረስን ብለው አሁን ደውለውልኝ!»

«እንግዴ ልጁን ነው የምልዎ!»

«ልጅ ደግሞ ይዘው ነው የሚመጡት?»

ወረፋ ላይ የነበሩ ሴቶች ናቸው የጮኹበት። «ኧረ የወላዷ ነው፣ አንተ ሰውዬ! ልጁን ተከትሎ የሚወጣው ነው!» አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። እህቴ እየደማች፣ እኛ እዚያ በር ላይ «እንግዴ» እና «እንግዳ» እንለያለን።

ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ለሷ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ያየው ሰሌዳውን ነው።

ውስጥ ስንገባ ሲስተር የእታለምን ሆድ በሁለት እጇ ተጭናለች። «ደሙ አልቆም አለኝ። ደም ማቆሚያው መርፌ አልቋል ብዬ ጽፌልህ አልነበር?» አለችው። ሰሌዳው ላይ «መድኃኒት፦ አለ» ይላል። እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት።

«ሪፈር ይጻፍላት» አለ።

«አምቡላንሱስ?»

«ቃሬዛዋ አለች አይደል? በኋላ በር ያውጧት። በፊት በር እንግዶቹ ይገባሉ።» ከዚያ ለኔ፣ «ወረቀቱን አንተ ጻፈው፣ የሲስተር ጽሑፍ አይነበብም። ሁኔታዋ የሚለው ላይ ‹ደህና› በል። ያለ ወረቀት አይቀበሏትም።»

ጻፍኩ። አሳምሬ ጻፍኩ። ማሳመሬ ነው የሚገርመኝ። «ደህና» ስል የ«ደ»ን እግር እንኳ እኩል ነው ያወረድኩት።

እታለምን በወፍራም የሱፍ ባና ጠቅልለው አነሷት። ፊቷ አመድ መስሏል። የኋላው በር ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጋ የሚያወጣ የቆርቆሮ በር ነው። እዚያ ስትደርስ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣

«በዚህ ነው እንዴ የሚወጣው?» አለችኝ።

«በዚህ ያቋርጣል፣ እታለም» አልኳት።

ልከተላት ስል ኃላፊው ክንዴን ያዘኝ። «አንተ ሰሌዳውን ታስረዳለህ።» ቀረሁ። እንጀራዬን ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ቀረሁ!

እንግዶቹ ከአምቡላንሱ ወረዱ። ሱሪያቸውን ከጭቃው ሰብሰብ እያደረጉ፣ እየሳቁ። እጃቸውን ታጠቡ። ገንፎው ቀረበ። «ወላዷስ?» አለ የቡድኑ መሪ። «በሰላም ተገላግላ ወጥታለች» አለ ኃላፊው። ሰውየው ገንፎውን በቅቤው አጥቅሶ ጎረሰና ሰሌዳውን አየ።

«ይኼን የጻፈው ማነው? እጅህ ይባረክ!»

ከአጥሩ ጀርባ ጩኸት የተሰማው ያኔ ነው።

«ምንድነው?» አለ መሪው።

«የጎረቤት ቀበሌ ለቅሶ ነው» አለ ኃላፊው።

የእህቴ ባል ድምፅ ነበር።

ሮጬ ወጣሁ። ቃሬዛውን ያሳረፉት ከአጥሩ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ፣ አንድ ባሕር ዛፍ ሥር ነው። የመንዝ ባና ዝናብ አያስገባም ይባላል። ደም ግን ጠጥቶ ጠግቦ ይንጠባጠብ ነበር። ሪፈሯ ባሏ እጅ ላይ ነው። ሁኔታ፦ ደህና።

ተመልሼ ገባሁ። ዜሮዋን በመዳፌ ፋቅኳትና አንድ ጻፍኩ። ቀጥ ያለች፣ ብቻዋን የቆመች አንድ። ኃላፊው እየሮጠ መጣ።

«ይቅርታ፣ ሐዘን ላይ ነው። እህቱ መንገድ ላይ አርፋበት ነው።»

«እግዜር ያጥናህ፣ ወንድሜ» አለኝ መሪው። ከልቡ ነው ያለኝ። ከዚያ ቅጹን ገለጠ፣ ገልብጦም አየው። «መንገድ ላይ የሚል ረድፍ የለውም» አለ። አገጩ ላይ ቅቤ አለ። «ቁጥሯን አስተካክሏት።»

ኃላፊው የኔን አንድ በመሐረቡ አጠፋትና ዜሮ ጻፈ። እጁ አያምርም፣ የጎበጠች ዜሮ ናት የወጣችው። በሷም ቢሆን አረንጓዴ ሆኑ። እኔ ሰነድ አበላሽቷል ተብዬ ተባረርኩ። ልጁ አድጓል፣ እናቴ ናት የያዘችው። ክትባቱን ሊወጋ እዚያው ጤና ጣቢያ ወሰደችውና እሱን ቆጠሩት። እሱ ረድፍ አለው።

ከሐዘኑ በኋላ አንድ ቀን ሰው ሳያየኝ ወደዚያ የኋላ በር ሄድኩ። ያን ዕለት ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ወዴት ነው ብለው አልጠየቁም። ዝም ብለው መንገዱን ተከትለው ነው የወረዱት። ቆሻሻ ማቃጠያው ጋ የሚሄደው የጽዳት ሠራተኛው ብቻ ነው፣ እሱም ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። መንገዱ ግን ጉድጓዱን አልፎ ይወርዳል። ሣሩ ተረግጦ ተረግጦ አልቋል፤ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚያስኬድ ሰፊ መንገድ ነው፣ ቀጥ ብሎ ባሕር ዛፉ ሥር የሚያደርስ። እኔ ፍየል የሄደበት ይመስለኝ ነበር።

እናንተ አረንጓዴ የሰጣችሁ፣ እናንተ አረንጓዴ የተቀበላችሁ፣ ቁጥር ትወዱ የለ? እስቲ ቁጥር ንገሩኝ፤ ከእህቴ በፊት በዚያ በር ስንቷን አወጣችሁ?