አክስቴ የመሰከረችበት ቀን

ያሳደገችኝ አክስቴ መርካቶ ውስጥ ነጠላ ትሸጥ ነበር። የምንኖረው አማኑኤል፣ የአንድ ጨርቅ አከፋፋይ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ሱቋም የእሱ ነበር። ሚስቱና አክስቴ አንድ የማርያም ማኅበር ይጠጡ ነበር።

ማኅበሩ ሚስትየዋ ቤት ሲሆን ሁልጊዜ የምትተርከው የሶስናን ታሪክ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ተመኝተዋት እምቢ ስትላቸው በዝሙት ከሰሷት፤ ሞት ተፈርዶባት ዳንኤል ደርሶ አዳናት። እዚያ ላይ ስትደርስ ሚስትየዋ ታለቅሳለች። ሴቶቹም ያለቅሳሉ። እኔም ጠላ እየቀዳሁ ዓይኔ እንባ ያቀርር ነበር።

ባልና ሚስቱ ቤት ከጎጃም የመጣች ሠራተኛ ነበረች፤ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ነጠላ ልታወጣ ግቢው ጀርባ ወዳለው መጋዘን ስትገባ፣ ሰውየው የልጅቷን እጅ ይዞ ሲጎትት አየች። ልጅቷ "ይተዉኝ ጋሼ፣ እጮኻለሁ" ትላለች። አክስቴ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሰውየው ኮሌታውን እያስተካከለ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ የሚስትየዋ የወርቅ ሐብል ጠፋ ተባለ። ሰውየው ልጅቷን ሌባ ናት ብሎ አሳሰራት። አትክልት ተራ ጫኝና አውራጅ የሆነው አጎቷ ባልና ሚስቱ እግር ላይ ወድቆ ስለለመነ በዋስ ወጣችና ነገሩ በሽምግልና ይታይ ተባለ።

የተቀመጡት የእድር ሽማግሌዎች ናቸው። ትልቁ ሽማግሌ "ልጄ፣ ጥፋትሽን እመኚና ይቅርታ ጠይቂ፤ ክሱ ይቀርልሻል" አሏት።

"አልወሰድኩም። ያላደረግሁትን አድርጌያለሁ አልልም። እሳቸው የጠየቁኝን እምቢ ስላልኩ ነው።"

"በጨዋ ሰው ስም እንዲህ ይባላል? ማን አየ?"

"እኔ አይቻለሁ" አለች አክስቴ። የጠራት አልነበረም፤ በር ላይ ቆማ ነበር። ያየችውን ሁሉ ተናገረች።

ሰውየው "ቂም ይዛ ነው" አለና ፈገግ አለ። አክስቴ ግን ወደ ሚስትየዋ ዞረች። "እትዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ከዚህች በፊት የነበረችው ልጅ ለምን ወጣች?"

ሚስትየዋ ነጠላዋን እያስተካከለች "እኔ የማውቀው ሐብሌ መጥፋቱን ነው" አለች። ከማኅበሩ ሴቶች የተወሰኑት እዚያው ተቀምጠዋል። አንዷም ቀና አላለች። ሽማግሌው አክስቴን "የሰው ትዳር አታፍርሺ፣ ውጪ" አሏት።

ልጅቷ ይቅርታ አልጠየቀችም። ክሱ ቀጠለ፤ በኋላ ማስረጃ ጠፍቶ ተዘጋ። ግን ሌባ የተባለችን ሴት ማን ቤቱ ያስገባል? አገሯ ልትመለስ ስትነሳ አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘናት እኔና አክስቴ ነን። አጎቷ አፍሮ ቀረ።

"አባቴ ምን ሆነሽ መጣሽ ይለኛል። ምን ልበለው?" አለች።

"እውነቱን ንገሪው" አለቻት አክስቴ።

"እውነቱንማ እዚህም ተናግሬ ነበር" አለችና ተሳፈረች።

እኛም ቤቱንም ሱቁንም እንድንለቅ ተነገረን። የማኅበሩ ሴቶች ተራው የማን እንደሆነ ለአክስቴ መንገር ተዉ። አሁን ነጠላዎቿን መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ጠቅልላ ትሮጣለች።

ሚስትየዋ ልጇን ስትድር ያንን ሐብል አድርጋው ነበር አሉ። ሣጥን ሥር ተገኘ ተብሏል። አክስቴ ይህን ስትሰማ ጎጃም ስልክ ደወለች፤ ቁጥሩ አይሠራም።

በማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሚስትየዋ መጥታ አክስቴን ትከሻዋን ሳመቻትና ቀስ ብላ "ልክ ነበርሽ። እኔ ግን ልጆች አሉኝ" አለቻት።

አክስቴ ጫማዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትሳለመው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከቤታችን ስለሚርቅ በጠዋት ትነሳለች።