ለአምስት ሰው የተቋጠረ ምሳ

ልጄ የስድስተኛ ክፍል ፈተና ካለፈች እንጦጦ ወስጄ ዚፕላይን እንደማሳፍራት ቃል የገባሁት ዚፕላይን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው። ስሙ ርካሽ ይመስል ነበር። ፈተናውን አለፈች። ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ «ሌላ ጊዜ» እያልኩ ኖርኩ። መጀመሪያ ክረምት ነው አልኩ፤ ቀጥሎ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው አልኩ፤ ከዚያ በዓል መጣ። ሦስቱም እውነት ነበሩ። ልጅቷ አንድም ቀን አልጨቀጨቀችኝም፤ «እሺ አባ» ብቻ ነበር መልሷ። የሚጨቀጭቅ ልጅ ይሻላል፤ ቢያንስ ተቆጥተውት ይገላገሉታል።

ጥር ሲገባ ምክንያት አለቀብኝ። ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዚፕላይን ከማማ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ መንሸራተት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ዋጋውን ጠየቅኩና ባለቤቴን አስቀምጬ ነገርኳት። ገመዱን እንደምንም እንችለዋለን፤ የማንችለው ምሳውን ነው። እዚያ ላይ የአንድ በርገር ዋጋ እኛን ሳምንት ሙሉ ሽሮ ያበላል፤ እኛ ደግሞ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቷ፣ ልጄና የስድስት ዓመት ወንድሟ። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ምሳ ከቤት፣ ብሩ ለገመዱ። ምሳ ከተገዛ ዚፕላይን የለም።

«በርገርስ?» አለ ትንሹ።

«በርገር ሕጉ ውስጥ የለም።»

ምሳውን አማቴ ሊሠሩ ተስማሙ። በርበሬውንም ቋንታውንም ከሾላ ገበያ ራሳቸው መርጠው ካላመጡ የማይበሉ ሴት ናቸው። ቋንታ ፍርፍር፣ ሳምቡሳ፣ ቅቅል እንቁላልና ሙዝ አልን። እኔ ጋዜጣ ላይ ስለ ቁጠባ የምጽፍ ሰው ስለሆንኩ «ለአምስት ሰው በልኩ ይሁን፣ ተርፎ እንዳይጣል» ብዬ አሳሰብኩ።

«በልክ የሚቀርብ ምሳ ሆስፒታል ነው ያለው» አሉኝ፤ ግን በልኩ ሠሩት።

እሑድ ጠዋት ምሳው ያለበትን ዘንቢል ይዤ ስወጣ ልጄ በሩ ላይ ቆመች። «አባ፣ ፕሊስ። እንጦጦ እኮ ሰው ፎቶ የሚነሣበት ቦታ ነው። ዘንቢል ይዘን?» አለችኝ። ዘንቢል ታጥቦ፣ ተጠግኖ፣ ሃያ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ እንደሆነ፣ የሷ ባክፓክ ግን በአንድ ሴሚስተር ዚፑ እንደተበጠሰ አስረዳኋት። እስከ ታክሲው ድረስ አሥር እርምጃ ቀድማኝ ሄደች።

ሁለት ታክሲ ለውጠን ነው የወጣነው። በሁለተኛው ታክሲ ውስጥ አማቴ ዘንቢሉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ሽታው ሲያውዳቸው ጊዜ ከጎናቸው የተቀመጠውን ሰውዬ «ወንድሜ፣ ሳምቡሳ ላውጣልህ?» አሉት። ሰውዬው «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ አሁን ነው የበላሁት» አለ። ፊቱ ግን ከትናንት ጀምሮ የበላ አይመስልም ነበር።

እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ ለልጄ አንድ ነገር አስተማርኳት፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ የተጸጸትኩበትን ነገር። ስለ እንግዳ ተቀባይነታችን ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውንም አንብቤዋለሁ። የጻፉት ሰዎች ግን «እንብላ» የሚለውን ሰምተው መልሱን ሳይሰሙ የሄዱ ናቸው። «እንብላ» ጥያቄ አይደለም፤ መልሱ አብሮት የተሰፋ ነገር ነው። ጋባዡ እንብላ ይላል፤ ተጋባዡ ጠግቤያለሁ ይላል፤ ሁለቱም ተከባብረው ምግቡ ባለበት ይቀራል። ከዓለም ሁሉ የእኛ ደግነት ዋጋ የማይገኝለት፣ ምንም ስለማያስወጣ ነው አልኳት።

«ሰው እሺ ካለስ?» አለች።

«አይልም።»

አማቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር፤ ግን ጆሯቸው አልተሸፈነም።

ከፓርኩ በር ወዲህ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር አነጠፍን። ልጄ መጀመሪያ ገመዱ ይቅደም ስትል አያቷ «ባዶ ሆድሽን አትንጠለጠይም» አሏት፤ ስለዚህ ምሳ ቀደመ። እኔ ከመንገዱ ራቅ ብለን ከቁጥቋጦው ጀርባ እንድንቀመጥ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ለንፋሱ ብዬ። ባለቤቴ አየችኝ። «ተደብቀን ልንበላ?» አለች። ከዚያ በኋላ መንገዱ ዳር ተቀመጥን።

ንድፈ ሐሳቤ ግሩም ሠራ። ፈረስ የሚያስጋልብ ሰው አለፈ፤ አማቴ «ና እንብላ» አሉት፤ «ብሉ እናቴ» ብሎ ሄደ። ሁለት ፍቅረኞች አለፉ፤ ለእነሱም ተባለ፤ እየሣቁ አመስግነው ሄዱ። እኔ በየጊዜው ወደ ልጄ እያየሁ ቅንድቤን ከፍ አደርጋለሁ። ከዚያ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከመች ሴት ከላይ ወረደች፤ ሸክሙ ከሷ ይረዝማል፣ ወገቧ ለሁለት ታጥፏል። «እናቴ፣ እረፊና ቅመሽ» አሏት አማቴ።

«ካወረድኩት ማን ያሸክመኛል፣ እማማ?» አለች ሳትቆም።

አማቴ ተነሡና ሁለት ሳምቡሳ ይዘው ተከተሏት፤ አንዱን በእጇ፣ አንዱን በአፏ ሰጥተው ተመለሱ። ለዚህኛው ቅንድቤን አላነሣሁም። ጠግባ እንዳልነበረች ሁላችንም አይተናል።

ጥርን የመረጥኩት ዝናብ የለውም ብዬ ነው። ጥር የሰርግ ወር መሆኑን ረስቼ። ሰርገኞቹ ሲመጡ መጀመሪያ የሰማሁት የመኪና ጡሩምባ ነው፤ ከዚያ ከዛፎቹ መሐል ነጭ ቬሎ ብቅ አለ። ሙሽሪት፣ ሙሽራው፣ በሁለቱም በኩል ሚዜዎች፣ ካሜራማንና አንድ ትልቅ የብር ቀለም ያለው ጋሻ የሚመስል ነገር የያዘ ልጅ። አሥራ አምስት ይሆናሉ። ከሴቶቹ ሚዜዎች ግማሾቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል። ካሜራማኑ ሙሽራውን ዛፍ አስደግፎ «ሳቅ! የሆነ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ሁን!» ይለዋል። ሙሽራው ትዝ የሚለው ነገር ያለ አይመስልም።

እኔ ቀስ ብዬ የፍርፍሩን ሳህን በዘንቢሉ ከለልኩት። አማቴ ቀስ ብለው ዘንቢሉን አነሡት።

«ልጆች! ኑ እንብላ!»

«ብሉ እማማ፣ ጠግበናል» አለች አንዷ ሚዜ። ወደ ልጄ ዞርኩ፤ አሁን ቅንድቤ መነሣት ይችል ነበር። ግን አማቴ አልጨረሱም።

«በሞቴ!»

ሚዜዋ ወደ ፍርፍሩ አየች፤ ወደ ጓደኞቿ አየች። «እንግዲህ በሞቴ ካሉ…» አለችና ቬሎ መሰል ቀሚሷን ሰብስባ ምንጣፋችን ላይ ቁጭ አለች። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ፀጉር ቤት ነው ያለነው እማማ። ውኃ እንኳ አልቀመስንም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው በጣም ፈጣን ነበር። ሁሉም መጡ። ሱፍ የለበሱ ጎረምሶች በጉልበታቸው ተንበርክከው በሁለት እጃቸው ያነሣሉ። ጋሻ የያዘው ልጅ ጋሻውን ጥሎ እንቁላል ይልጣል። እኔ ተስፋዬን የጣልኩት በሙሽሪት ላይ ነበር፤ በዚያ ነጭ ልብስ ቋንታ ፍርፍር የሚበላ ሰው የለም ብዬ። አማቴ ነጠላቸውን አውልቀው ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ አለበሷት።

«ሜካፑ! ሜካፑ!» ጮኸ ካሜራማኑ።

«ዝም በል አንተ፣ ና ያንተንም ተረከብ» አሉትና አጎረሱት። ሙሽሪትን ደግሞ «አፍሽን ክፈቺ፣ ቀለምሽን አልነካም» አሏት። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አድርጋ፣ አፏን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና ጎረሰች፤ ደግማ ጎረሰች። በሦስተኛው ጉርሻ ዕንባዋ መጣ። በርበሬው ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። «እማማ፣ ዛሬ ማንም በልተሻል ወይ አላለኝም» አለች።

ሙሽራው ቆሞ ያፍራል። «አንተስ? ወድቀህ ከፎቶው እንዳትቀር» አሉት፤ ሳህኑን የወለወለው እሱ ነው።

ሲነሡ ሙሽሪት አማቴን ጉልበታቸውን ስማ «አዳራሽ ትመጣላችሁ፣ ሁላችሁም፣ በሞቴ!» አለች። አዳራሹ ወደ ሰፈራችን መውረጃው ላይ ነው። «እናመሰግናለን፣ ደስ ይበላችሁ» ብዬ ትክክለኛውን መልስ ሰጠሁ። አማቴ ግን «ስንት ሰዓት ነው?» አሉ። ሙሽሪት ለቅጽበት ቀጥ አለች፤ ዓይኔ ይቺን ቅጽበት አላሳለፋትም። «ስምንት ተኩል» አለች፤ ጡሩምባው ነፋ፤ ሄዱ።

አጠገባችን የቀረው አንድ እንቁላልና ሙዝ ነው። ትንሹ እንቁላሉን በላና «አሁን በርገር?» አለ። ሁላችንም ሁለት ሁለት ጉርሻ ነው የቀመስነው፤ አማቴ እሱንም አልቀመሱም። ብሩን በኪሴ ነካሁት። ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል፦ ወይ ምሳ ወይ ገመድ። ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ልጄ የምንጣፉን ጠርዝ እየጠቀለለች ቆየችና፣ «በቃ ምሳ እንብላ አባ። ሌላ ጊዜ» አለች።

ሌላ ጊዜ። የራሴ ድምፅ ነው የመሰለኝ፤ በዚያ ቃና፣ በዚያ ትዕግሥት። ከእኔ ሌላ ማን ያስተምራታል?

«ምን ምሳ ይገዛል?» አሉ አማቴ። «ምሳ አለን እኮ። ስምንት ተኩል ላይ።»

«እማማ፣ ለአፋቸው ነው ያሉት!» አልኩ።

«ፍርፍሬንስ ለአፋቸው አይደል የወሰዱት?»

ባለቤቴ ነጠላውን ስታራግፍ ትከሻዋ በሣቅ ይንቀጠቀጣል። «ሰርግ የአገር ሀብት ማባከን ነው ብለህ ስንት ጊዜ ጽፈሃል?» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ነው። «እንግዲህ ሄደህ ተመልከተው። ሦስተኛው በማስረጃ ይሆናል።»

የማላውቀው ሰው ሰርግ ላይ፣ አቧራ በጠጣ ጫማ፣ ዘንቢል ይዤ ለመግባት ከመስማማቴ በፊት የዛፎቹን ቅርፊት ብዙ ጊዜ አየሁ። ከዚያ ወደ ልጄ አየሁ፤ አሁንም ምንጣፉን እየጠቀለለች ነው፤ ወደኔ ላለማየት። ተነሥቼ ቲኬት መቁረጫው ጋ ሄድኩ።

ሄልሜቱ ይሰፋት ነበር። ከማማው ጫፍ ላይ ቆማ ወደ ታች አየችን፤ እኛም አንጋጠን አየናት። አማቴ «ኪዳነ ምሕረት፣ አደራሽን» እያሉ ያማትባሉ። ልጄ ሳትጮህ ዘለለች። ጩኸቱ የመጣው መሐል ላይ ነው፤ ደግሞ ጩኸት አልነበረም፣ ሣቅ ነው። ያን ሣቅ ከሰባት ወር በፊት ልሰማው እችል ነበር። ወርዳ እየሮጠች መጣች፤ ፀጉሯ በላብ ተጣብቋል። እንዴት ነበር ስላት «ራበኝ!» አለች።

አዳራሹ በር ላይ ደረታቸው ላይ አበባ የሰኩ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ዘንቢሉን አዩ፤ ጫማዬን አዩ። «ከማን ወገን ናችሁ?» አሉ። እኔ አጭርና ግልጽ ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር።

«ከሙሽሪት» አሉ አማቴ ቀድመውኝ።

«በእናት ነው በአባት?»

«በጉርሻ በኩል።»

ሽማግሌው ሌላ ጥያቄ ከመፈለጋቸው በፊት ከውስጥ አንዲት ሚዜ «እማማ ፍርፍር መጡ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው በራቸውን ለቀቁልን። ከመድረኩ ሙሽሪት እጇን አወዛወዘችልን፤ ስታየን ቀጥ አላለችም፤ ይህንንም ዓይኔ አላሳለፈውም። ንድፈ ሐሳቤን ለማዳን እንኳ ብዬ በደንብ ፈልጌው ነበር፤ አጣሁት።

ግድግዳው ሥር ካለ ጠረጴዛ ተቀመጥን። ልጄ ለሁለት ሚዜዎች ገመዱን በእጇ አየር ላይ እየሣለች ትነግራቸዋለች። ትንሹ ከሩቅ ያየውን ጥብስ «ይሄ እንደ በርገር ነው» ብሎ ፈርጆታል። ገና ወደ ምግቡ ለመሄድ ሳንነሣ ከጎኔ ያሉት፣ የሙሽራው አጎት መሰሉኝ፣ ሳህናቸውን ወደኔ ገፋ አድርገው «እንብላ» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። የተሰፋው መልስ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የልጄ እግር ቅልጥሜን መታኝ።

«እሺ» አልኩ፤ እጄን ዘረጋሁ።