የሕያዋኑ ዓምድ

ከሚኒባሱ ያወረዱኝ ሮቢት ላይ ነው። ከወልድያ ወደ ቆቦ፣ ወደ እናቴ ቤት እየሄድኩ ነበር። ቦርሳዬን የሚፈትሸው ወታደር ልብሴን ገለባብጦ ሊያልፈኝ ሲል፣ ከሥር በጥጥ የተጠቀለሉ ስድስት ትናንሽ ብልቃጦች አገኘ። ውስጣቸው ግራጫ ጭቃ አለ፤ ጭቃው መሃል ሮዝ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

«መርዝ ነው?»

«ጭቃ ነው።»

ጭቃ በጥጥ ጠቅልሎ የሚዞር ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመውም መሰለኝ፣ ሳቀ። ሳቁን ያቆመው ከብልቃጦቹ ጋር የነበረውን ወረቀት ሲዘረጋ ነው።

ቆቦ ላይ ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን ነበር። መስኮቱ አንድ ነው፣ እሱም ከጣሪያው ሥር፣ እጅ የማይደርስበት። ወለሉ በነቀዘ ማሽላ ብናኝ ተሸፍኗል። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ይግላል። ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ቤተሰቡ ስንቅ ያመጣለት ላጣው ያካፍላል፤ ያጣው ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ሁለት ቀን ጠበቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር» ብሎ አነበበ። «የትኛው ተራራ ነው?»

«ተራራ አይደለም። የባሕር ጥልቀት ነው።»

«ባሕር አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ያላየኸውን ነው የምትቆጥረው?»

እውነቱን ለመናገር፣ አዎ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው መርከብ ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል ያወጣውን ጭቃ ነበር። ጭቃው ውስጥ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ፣ ዛጎል ለብሰው የሚኖሩ ፍጥረታት አሉ። ጭቃው እንደወጣ ቀለም ይጨመርበታል፤ በዚያች ሰዓት በሕይወት የነበረው ሮዝ ይሆናል፣ ቀድሞ የሞተው ዛጎሉ እንደነጣ ይቀራል። ሥራው በማይክሮስኮፕ እያዩ በቀጭን ብሩሽ አንድ በአንድ እየለቀሙ መቁጠር ነው። ሰንጠረዡም ይህንኑ ይላል፦ ጣቢያ፣ ሜትር፣ ሕያው፣ ሙት። ጣቢያ የምንለው ጭቃው የወጣበትን ቦታ ነው።

መርማሪው ያነበበው ግን እንደ አገሩ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሜትር የሚቆጠረው ወደ ላይ ነው። ቆቦ ላይ የቆመ ሰው ሦስት ሺህ ሜትር ሲሉት ቀና ብሎ የላስታን ተራሮች ያያል እንጂ አያቀረቅርም። ስለዚህ ጣቢያው ምሽግ፣ ሜትሩ የተራራው ከፍታ፣ ሕያው የተረፈው ተዋጊ፣ ሙት የወደቀው ሆነ። በእሱ ዓይን ሳየው በደንብ የተሠራ የጦር ሪፖርት ነበር። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እኔን አስር ነበር።

«ሙታኑን የጻፈው እጅ የአንተ ነው» አለኝ። «ሕያዋኑን የጻፈው ሌላ ነው። ማነው?»

ሞኝ አልነበረም። ሕያዋኑን የምትቆጥረው አብራኝ የምትማር ልጅ ነበረች። ሮዝዋን ነጥብ ከኔ ቀድማ ስለምታይ ነው እንደዚያ የተከፋፈልነው። በዚያ ሰዓት ጎብዬ፣ አባቷ ቤት ነበረች። ከቆቦ ጎብዬ በመኪና ብዙ አይደለም። ከግቢው ማዶ ሴቶች የታሰሩበት ክፍል አለ፤ ከዚያ ክፍል የሚሰማውን በሁለቱ ቀናት ሰምቼዋለሁ።

«ሁሉንም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

የወረቀቱን ፎቶ ኮፒ ወረወረልኝ። «እስከ አስር ሰዓት አስብበት። እኔ የምነግርህን ቁጥር እፊቴ ትጽፋለህ። ያ እጅ ያንተ ካልሆነ ስሙን ትሰጠኛለህ። አወጣጡን እኛ እናውቃለን።»

መጋዘኑ ገብቼ ተቀመጥኩ። ፈራሁ። ከማንም በላይ ራሴን ፈራሁ፤ ስሟ አፌ ውስጥ እንደ ድንጋይ ይሰማኝ ነበር፣ ልተፋው የፈለግሁ ያህል። ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቼ በብናኙ ላይ በጣቴ ቁጥሮቿን መጻፍ ጀመርኩ። ሰባትን ወገቡ ላይ በአግድም ትቆርጠዋለች። የአራትን አናት ትገጥማለች። የዘጠኝ ጭራዋ ቀጥ ያለ ነው።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ያዩኛል። ሽርጥ የታጠቁ የራያ ሰው ናቸው። የጠፉ ከብቶቻቸውን ፍለጋ ሁለት ቀን ጫካ በማደራቸው ሰላይ ተብለው ነው የተያዙት። ከስንቃቸው ያጎረሱኝም እሳቸው ነበሩ።

«ምን ሁነህ ነው መሬት የምትቧጥጥ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ለሰው መናገር አልነበረብኝም፣ ግን ነገርኳቸው። ስለ ፍጥረታቱ ስነግራቸው ከልጅቱ ጉዳይ ይልቅ እሱ ያዛቸው።

«ከባሕር ሥር? ፀሐይ ሳይደርሳቸው?»

«አዎ አባ።»

«ታዲያ ምን በልተው ያድራሉ?»

«ከላይ የሚወርድላቸውን። ላይ ሆኖ የኖረው ሲሞት ፍርፋሪው ቀስ እያለ ይወርዳል። ወቅቱ ሲደርስ ብዙ ይወርዳል፣ ያኔ ይባዛሉ፤ በሌላው ጊዜ የለም፣ ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ከጭቃው ላይ ይኖራል፣ አንዳንዱ አየር እስከማይገኝበት ድረስ ጠልቆ ይገባል። ዛጎል መሥሪያ ያጣ ደግሞ ያገኘውን አሸዋ እያጣበቀ ቤት ይሠራል።»

«ያ አላህ!» አሉ። ትንሿን መስኮት ቀና ብለው አዩ። «እንግዲያው እንደኛው ናቸው በለኛ።»

ቀጥለው ወደ ጻፍኩት ጎንበስ አሉ። «ይኸ የሷ አይደለም።»

«አንቱ ማንበብ ይችላሉ እንዴ?»

«እኔ ፊደል የት አውቄ! ከብት ነው የማውቅ።»

አገራቸው ከብቱ ሁሉ የባለቤቱ ምልክት በጋለ ብረት ይተኮስበታል። ከብት ተሰርቆ ምልክቱ ሲለወጥ፣ የነባሩንና የሌባውን እጅ እንዲለዩ ገበያ ድረስ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ብናኙ ላይ የራሳቸውን ምልክት ሣሉልኝ፦ ግማሽ ጨረቃ፣ ከሥሯ አንድ ጭረት። ጭረቷ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች።

«ክንዴ ድሮ ተሰብሮ ጠማማ ሁኖ ነው የተጠገነ» አሉኝ። «ቀጥ ላርጋት ብል እንኳ አትቀናልኝም። ሌባ ምልክቷን ያያታል፣ ይች ማዘንበሏን ግን አያያትም። እያየ ቀስ ብሎ ይተኩሳል። ባለቤት አያይም፣ ባንድ ትንፋሽ ነው። አንተም እንደ ሌባው እያየህ ነው የምትጥፍ።»

ፎቶ ኮፒውን ከእጄ ነጥቀው ሽርጣቸው ውስጥ ወሸቁት። «ሀዬ፣ በል አሁን ጣፍ።»

ጻፍኩ። «አይደለም» አሉ፣ በመዳፋቸው አበሱት። ጻፍኩ። «አይደለም።» ልጅቷ ስትጽፍ እንዴት እንደምትቀመጥ ጠየቁኝ። ወረቀቱን ወደ ግራ አዙራ፣ ትከሻዋን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል። «እንዲያ ተቀመጣ!» ብለው ተቆጡኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እንደ እሷ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ እንዳበሱት አላውቅም፤ የመዳፋቸው ቆዳ በብናኙ ነጥቶ ነበር። የእግር ኮቴ በሰማን ቁጥር ሰሌናቸውን ይዘረጉበትና የሚሰግዱ ይመስላሉ። በኋላ አስታውሰው ሳቁ፤ «ከጸሎቴ ያንተን ማታለያ አስበለጥክብኝ፣ አላህ ይቅር ይበለን» አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሰባት፣ አራት፣ ዘጠኝ ጻፍኩ። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«ይኸ የሷ ነው» አሉ።

አስር ሰዓት ላይ ወሰዱኝ። መርማሪው እስክሪብቶ ሰጠኝ። «ለምን በሁለት እጅ ጻፍክ?» አለኝ መጀመሪያ።

«ሕያውና ሙት እንዳይደባለቅብኝ። ሙቱን በአንድ ዓይነት እጽፋለሁ፣ ሕያውን በሌላ።»

ቁጥሮቹን እየዘለለ ጠራልኝ። ወረቀቱን ወደ ግራ አዞርኩ፣ ትከሻዬን አዘነበልኩ፣ መስኮቱን እያየሁ ጻፍኩ። እሱ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ ተመለከተ። በመጨረሻ ወረቀቱን አጠፈው። «ስለዚህ አንተ ብቻ ነህ» አለ።

«እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። በዚያ ክፍል ከዚያ በኋላ የሆነውን አልጽፈውም።

ስመለስ ሽማግሌው ውሃቸውን ሰጡኝና ፎቶ ኮፒውን ቀዳደው በብናኙ ውስጥ ቀበሩት። በማግስቱ ብልቃጦቼን ግቢው ውስጥ ደፏቸው፤ በበሩ ቀዳዳ ጭቃው ሲደርቅ አየሁት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌውን ጠሯቸው። ሽርጣቸውን አጠበቁ። «አላህ ያውጣችሁ» አሉን። ሰሌናቸው እኔ ዘንድ ቀረ።

እኔን ከሰባት ወር በኋላ ያለ ምንም ወረቀት ለቀቁኝ። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ አሁን ታስተምራለች። ማንም ጎብዬ ሄዶ አልጠየቃትም። ይህን አልነገርኳትም፤ ብነግራት ዕዳ የሚሆንባት ይመስለኛል። እኔ ሌላ ጭቃ አግኝቼ እንደገና ጀመርኩ። ሰባት ስጽፍ ግን ሳላስበው ወገቡ ላይ እቆርጠዋለሁ። የድሮው ሰባቴ እንዴት እንደነበር ረስቼዋለሁ።

ባለፈው ጥር ቆቦ ከብት ተራ ውስጥ ሳልፍ አንድ ወይፈን አየሁ። ታፋው ላይ ግማሽ ጨረቃ አለች፣ ከሥሯ አንድ ጭረት። ጠባሳው ገና አዲስ ነው። ሽማግሌውን በሕዝቡ መሃል በዓይኔ ፈለግሁ። ከዚያ ጠጋ ብዬ አየሁት። ጭረቷ ቀጥ ያለች ናት።

ገመዱን የያዘው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነበር።

«ምልክቱ የማነው?» አልኩት።

«ያባቴ።»

«እጁ ግን ያንተ ነው።»

ገመዱን እጁ ላይ ጠቀለለና «አባቴን የት አየኸው?» አለኝ። አባቱን የማውቀው አምስት ቀን ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። እሱንም ቢሆን ንገረኝ አለኝ። ጥላ ፈልገን ተቀመጥንና፣ ከሰሌኑ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኩት። ወይፈኑን ሳይሸጠው ዋለ።